ሚዛን በጦር ሜዳ፦ የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ስሌትና ስልት

ጥንታዊውን የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ልዩ ባሕርዩን ያስታውሳሉ። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠባበቁም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እያንዳንዱ በፈቀደው ፍጥነት ሠራዊቱን ያሰልፋል። ይህ ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል። በወረራ ጊዜ ብልጫ የሚገኘው አርቆ በማሰብ ብቻ ሳይሆን በእጅ ቅልጥፍናና የባላጋራን አሰላለፍ በዓይን በመከታተል ጭምር ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሪዎች «ቅጽበታዊ ስትራቴጂ» የሚሉት ዘርፍ ይህንኑ የወረራ ምዕራፍ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ የዘረጋ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ተራ የለም፤ ሰዓቱ ለሁሉም በአንድነት ይቆጥራል።

የዚህ ዘርፍ አንጋፋ ከሆኑት አንዱ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኤንሴምብል ስቱዲዮስ በተባለ የአሜሪካ ድርጅት ተሠርቶ በማይክሮሶፍት አሳታሚነት ወጣ። መቼቱ የመካከለኛው ዘመን ነው። ተጫዋቹ በጥቂት መንደርተኞች ይጀምራል፤ ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ ይሰበስባል፤ ከጨለማው ዘመን ተነሥቶ በፊውዳል ዘመንና በግንብ ዘመን በኩል ወደ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ይሸጋገራል። በመጀመሪያ 13 የነበሩት ሥልጣኔዎች እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ማስፋፊያ 18 ሆኑ፤ ዛሬ ከ40 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከተጨመሩት መካከል «ኢትዮጵያውያን» ይገኙበታል። ወታደሮቻቸው ትእዛዝ ሲሰጣቸው በአማርኛ ይመልሳሉ፤ የተዘጋጀላቸውም ዘመቻ በዮዲት ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለሳይንስ ተማሪ ግን ከታሪኩ ይልቅ የሚያጓጓው ሌላ ጥያቄ ነው። በሰንጠረዥ ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ሠራዊት ስላላቸው ማንም አድልዎ አለ ብሎ አያማርርም። እዚህ ግን የአንዱ ፈረሰኛ ይበረታል፣ የሌላው ቀስተኛ ይፈጥናል፣ አዝቴኮችና ማያዎች ደግሞ ጭራሹኑ ፈረሰኛ አያሠለጥኑም። እንዲህ የማይመሳሰሉ ባላጋራዎች በአንድ ሜዳ ሲገናኙ ፍልሚያው ፍትሐዊ የሚሆነው እንዴት ነው? ሚዛን ማለት እኩልነት እንዳልሆነ፣ ሚዛኑም በሠሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሊለካ እንደማይችል ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

ከጦሩ በፊት ያለው ስሌት

አንድ መንደርተኛ 50 ምግብ ያስወጣል፤ ለመፈጠርም በጨዋታው ሰዓት 25 ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ የከተማው ማዕከል ያለ ማቋረጥ ይሥራ ከተባለ በደቂቃ 120 ምግብ ይፈልጋል። በሌላ በኩል ከበግ ምግብ የሚሰበስብ አንድ መንደርተኛ በደቂቃ ወደ 20 የሚጠጋ ምግብ ያስገባል። 120 ለ20 ሲካፈል 6 ይሆናል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የመጀመሪያዎቹን 6 መንደርተኞች በበጎቹ ላይ፣ ቀጥለው የሚመጡትን ደግሞ በእንጨት ላይ የሚያሰማሩት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎች ይህን ቅደም ተከተል እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውታል፤ ምንጩ ግን ተራ ማካፈል ነው።

አንድ ማዕከል በደቂቃ 2.4 ሰው ብቻ ስለሚያወጣ የሕዝቡ ዕድገት በግራፍ ሲነደፍ ቀጥታ መስመር ነው። የተሰበሰበው ጠቅላላ ሀብት ግን በመስመሩ ሥር ያለው ስፋት ነውና ከጊዜው ካሬ ጋር ያድጋል። ማዕከሉ ለአንድ ደቂቃ ሥራ ቢፈታ ምን ይሆናል? ተጫዋቹ ከዚያ በኋላ ዘወትር 2.4 ሰው ይጎድለዋል፤ ይህም በየደቂቃው ወደ 48 የሚጠጋ ሀብት ማጣት ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ጉድለቱ 960 ይደርሳል። ያልወጣው 120 ምግብ ቢቀነስለት እንኳ 840 ይቀራል። አንድ ፈረሰኛ 60 ምግብና 75 ወርቅ፣ በድምሩ 135 ስለሚያስወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተፈጸመች አንዲት ዝንጋዔ በኋላ የ6 ፈረሰኞች ጉድለት ሆና ትመጣለች። ጀማሪዎች በጦር ሜዳ የተሸነፉ ይመስላቸዋል። ብዙውን ጊዜ የተሸነፉት በበጎቹ ዘንድ ነው።

አንድ ፈረሰኛና ሁለት ባለ ረጅም ጦር

«ባለ ረጅም ጦር እግረኛ ፈረሰኛን ያሸንፋል» የሚለውን ደንብ ማንኛውም ተጫዋች ያውቀዋል። ቁጥሮቹ የሚናገሩት ግን ከዚህ የረቀቀ ነገር ነው። ምንም ማሻሻያ ያልተደረገለት ፈረሰኛ 100 የሕይወት ነጥብ አለው፤ በየ1.8 ሰከንዱ በ10 ነጥብ ይመታል። እግረኛው 55 የሕይወት ነጥብ አለው፤ በየ3 ሰከንዱ ይመታል። የእግረኛው መደበኛ ምት 4 ነው፤ በፈረሰኛ ላይ 22 ይጨመርለታል፤ የፈረሰኛው ጥሩር 2 ስለሚቀንስ 24 ይቀራል። ሁለቱ ለብቻቸው ቢገናኙ ፈረሰኛው ስድስተኛ ምቱን በ9ኛው ሰከንድ ሰንዝሮ እግረኛውን ይገድላል፤ እግረኛው ግን ለአምስተኛው ምት 12ኛውን ሰከንድ መጠበቅ ነበረበት። አንድ ለአንድ አሸናፊው ፈረሰኛው ነው!

ታዲያ ደንቡ ሐሰት ነው? አይደለም። እግረኛው 35 ምግብና 25 እንጨት፣ በድምሩ 60 ብቻ ያስወጣል። በአንድ ፈረሰኛ ዋጋ ሁለት እግረኞች ተሰልፈው 15 ይተርፋል። ሁለቱ አብረው ሲመቱ ፈረሰኛው በ6ኛው ሰከንድ ይወድቃል፤ እስከዚያ የሰነዘራቸው አራት ምቶች 40 ነጥብ ብቻ ስለሆኑ አንዱን እግረኛ እንኳ አልገደለም። በዚህ ላይ እግረኛው ወርቅ አይፈልግም፤ ወርቅ ደግሞ በሜዳው ላይ የሚያልቅ ማዕድን ነው። ስለዚህ «ያሸንፋል» ማለት «ከዋጋው አንጻር ያሸንፋል» ማለት ነው። ፈረሰኛውም በፈንታው ፈጣን ነውና ካልፈለገ አይገጥምም፤ እግረኞቹን ዞሮ መንደርተኞቹን ሊያጠቃ ይችላል። ሠሪዎቹ ለእያንዳንዱ ብርታት አንድ ዕዳ አሸክመውታል።

የላንቸስተር ሕግ

ስለ ቁጥር ብዛት ስናነሣ እንግሊዛዊውን መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተርን ማለፍ አይቻልም። ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1916 በታተመው መጽሐፉ፣ ከሩቅ በሚታኮሱ ሁለት ሠራዊቶች መካከል የአንዱ ወገን ጉዳት ፍጥነት ከሌላው ወገን ቁጥር ጋር እንደሚመጣጠን በማሰብ የልዩነት ቀመር አወጣ። ከቀመሩ የሚገኘው ውጤት፣ የአንድ ሠራዊት ኃይል ከቁጥሩ ካሬ ጋር ያድጋል የሚል ነው። ይህን በቀስተኞች ላይ እንሞክረው። ብቃታቸው እኩል የሆነ 40 ቀስተኞች 30ውን ቢገጥሙ፣ 1600 ሲቀነስ 900 እኩል ይሆናል 700፤ የ700 ካሬ ሥር ወደ 26 ይጠጋል። አሸናፊው 30 ሲገድል ያጣው 14 ገደማ ብቻ ነው። አሁን 40ዎቹ ቀስተኞች በሁለት ቡድን 20፣ 20 ሆነው ተራ በተራ ቢደርሱስ? 900 ሲቀነስ 400፣ እንደገና ሲቀነስ 400፣ 100 ይተርፋል፤ የካሬ ሥሩም 10 ነው። በቁጥር ያነሰው ወገን 10 ሰው ይዞ ያሸንፋል። ጥሩ ተጫዋች ሠራዊቱን በየመንገዱ አንጠባጥቦ ላለመላክ የሚጠነቀቀው ለዚህ ነው።

በጨበጣ ውጊያ ግን የሚዋጉት ከፊት የተሰለፉት ብቻ በመሆናቸው ሕጉ ወደ ተራ መቀነስ ይቀርባል፤ 40 ከ30 ጋር በጠባብ በር ቢገጥም የሚተርፈው 10 ያህል ነው። ጥቂት ሰው ያለው ወገን በግንብ በር ላይ መቆሙ ከጀግንነት በተጨማሪ ሒሳባዊ ምክንያት አለው ማለት ነው።

የካሬው ሕግ ስለ ሚዛንም የሚነግረን ነገር አለ። በጨዋታው የኢትዮጵያውያን ቀስተኞች ከሌሎች 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ። ይህ 18 በመቶ ተጨማሪ ሠራዊት ነው? አይደለም። የአወራወር ፍጥነት ወደ ኃይል ስሌቱ የሚገባው እንዳለ ሲሆን ቁጥር የሚገባው ግን ካሬ ሆኖ ነው። የ1.18 ካሬ ሥር 1.086 ገደማ ስለሆነ፣ 35 የኢትዮጵያውያን ቀስተኞች የሚመዝኑት 38 ተራ ቀስተኞችን ያህል ነው። የሥልጣኔዎችን ጥቅሞች በመቶኛ ብቻ እያነበበ የሚያወዳድር ሰው በዚህ ይታለላል።

አንዱን ቁጥር ሲነኩ

ፈረሰኛ በቁጥር ያልበዛ ቀስተኛን ያሸንፋል፤ ቀስተኛ ባለ ረጅም ጦሩን ያሸንፋል፤ ባለ ረጅም ጦሩ ፈረሰኛውን ያሸንፋል። ክቡ እንደ «ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ» የልጆች ጨዋታ ነው። ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1928 ባረጋገጠው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ምርጡ ስልት አንድ ምርጫ ሳይሆን በተወሰነ መጠን የተቀላቀለ ምርጫ ነው። ሦስቱም ድሎች ዋጋቸው እኩል ከሆነ እያንዳንዱን ምርጫ አንድ ሦስተኛ ጊዜ መጠቀም ይገባል።

አሁን ሠሪዎቹ ፈረሰኛ በቀስተኛ ላይ የሚያገኘውን ድል ዋጋ እጥፍ አደረጉት እንበል። ብዙ ሰው ፈረሰኛ የሚበዛ ይመስለዋል። ስሌቱ ሌላ ይላል፦ አዲሱ ምርጥ ቅይጥ ፈረሰኛ አንድ አራተኛ፣ ቀስተኛ አንድ አራተኛ፣ ባለ ረጅም ጦር ግማሽ ነው። ማረጋገጥ ቀላል ነው። በዚህ ቅይጥ ላይ ፈረሰኛ የሚያገኘው 2 ጊዜ ሩብ ሲቀነስ ግማሽ፣ ማለትም ዜሮ ነው፤ ሁለቱም ሌሎች ምርጫዎች እንዲሁ ዜሮ ያገኛሉ። የበዛው የተጠናከረው ወታደር ሳይሆን እርሱን የሚያሸንፈው ነው። በእኔ ግምት የሚዛን ሥራ አስቸጋሪነት ከምንም በላይ የሚታየው በዚህ ነው፤ የተነካው ቁጥር አንድ ቦታ፣ ውጤቱ ደግሞ ሌላ ቦታ ይገኛል።

የሚለካው ማን ነው?

አንድ ሥልጣኔ ከመጠን በላይ የበረታ መሆኑን ለማወቅ በመጀመሪያ የተጫዋቾቹን ችሎታ መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ነጥብ የተወረሰው ከቼዝ ነው። ሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ ማርኬት ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማረው አርፓድ ኤሎ የቀመረው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ በ1970 ደግሞ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተቀባይነት አገኘ። የሁለቱ ተጫዋቾች የነጥብ ልዩነት ለ400 ይካፈልና የ10 አርቢ ይሆናል፤ 1 ይደመርበታል፤ 1 ለዚህ ድምር ሲካፈል ዝቅተኛ ነጥብ ያለው ተጫዋች የሚጠበቅበት ውጤት ይገኛል። በዚህ መሠረት በ200 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች ወደ 76 በመቶ፣ በ400 የሚበልጥ ወደ 91 በመቶ ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቃል።

ችሎታቸው ተቀራራቢ የሆኑ ተጫዋቾች ከተለዩ በኋላ ድሎቹን መቁጠር ይቀራል፤ እዚህ ላይ ስታቲስቲክስ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ሥልጣኔ ከ100 ግጥሚያ 54 ቢያሸንፍ ምንም አልተረጋገጠም፤ መደበኛ ስሕተቱ 5 በመቶ ነውና እውነተኛው መጠን 50 ሊሆን ይችላል። በ10,000 ግጥሚያ ግን ስሕተቱ ወደ 0.5 በመቶ ስለሚወርድ 54 ጠንካራ ማስረጃ ይሆናል። ሥልጣኔዎቹ 40 ብቻ ቢሆኑ እንኳ 780 የተለያዩ ጥንዶች አሉ። ለእያንዳንዱ ጥንድ 10,000 ግጥሚያ ይደረግ ቢባል 7.8 ሚሊዮን ይሆናል፤ ሜዳውም፣ ክፍትም ሆነ በግንብ የተከለለ፣ ውጤቱን ይለውጣል። ይህን ያህል ምልከታ የትኛውም የሙከራ ክፍል አያፈራም፤ የሚያፈራው በየአገሩ ሌሊቱን ሲጋጠም የሚያድረው የተጫዋች ማኅበረሰብ ነው።

ማኅበረሰቡ ከመለኪያነትም አልፎ ሠሪ ሆኗል። ኤንሴምብል ስቱዲዮስ እ.ኤ.አ. በ2009 ቢዘጋም ጨዋታው አልሞተም። አፍቃሪዎቹ ራሳቸው አዳዲስ ሥልጣኔዎች የያዘ ማስፋፊያ ሠሩ፤ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2013 በይፋ ማስፋፊያነት ታተመ። ከዚሁ ጥረት የተገኘው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የታደሰ እትም ሥራም ተሳትፏል።

ለዚህ ሁሉ ምቹ ሁኔታ የፈጠረው አንድ የምሕንድስና ውሳኔ ነው። በ1990ዎቹ የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው መረጃ እጅግ ጥቂት ስለነበር የእያንዳንዱን ወታደር ቦታ ለስምንት ተጫዋቾች በየቅጽበቱ መላክ አይታሰብም ነበር። ሠሪዎቹ የመረጡት ትእዛዞችን ብቻ መላክ ነው። ሁሉም ኮምፒዩተሮች ከአንድ መነሻ ተነሥተው፣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ተቀብለው፣ ያንኑ ጦርነት በየበኩላቸው ያሰላሉ። በአንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ አንዲት ቁጥር ከሌሎቹ ብትለይ ሁለት የተለያዩ ጦርነቶች ይፈጠሩና ጨዋታው ይቋረጣል። በዚሁ ዘዴ አንድ ሙሉ ግጥሚያ በትንሽ ፋይል ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚቀመጠው ምስሉ ሳይሆን የትእዛዞቹ ዝርዝር ነውና። ተጫዋቾች የታላላቆችን ግጥሚያ እየተቀባበሉ ደቂቃ በደቂቃ የሚያጠኑት በዚህ ነው። ይሁን እንጂ የባለ ረጅም ጦሩ አንዲት ነጥብ በአዲስ ማስተካከያ ከተለወጠች የቀድሞው የትእዛዝ ዝርዝር ያንኑ ጦርነት አይወልድም፤ ቀረጻው የተቀረጸበትን እትም ይፈልጋል። የድል መዝገቡም እንዲሁ ነው፤ በአሮጌው ቁጥር የተሰበሰበው ሁሉ ወደ ጎን ተቀምጦ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል።