የቡና ገለባ፦ የምንጥለው ኒዕማ

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 እንድንበላና እንድንጠጣ ፈቅዶ ማባከንን ከልክሎናል። ኢስራፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚደፋ ምግብን ነው። እስቲ ወደ ቡናችን እንመልከት።

በዓለም ገበያ «ለቀምት» በሚል ስም የሚታወቀው የወለጋ ቡና በአብዛኛው ከነቅርፊቱ በፀሐይ ደርቆ ይፈለፈላል። ከደረቀው ጀንፈል ክብደት ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው። ብዙው ተከምሮ ይበሰብሳል ወይም ይቃጠላል።

በገለባው ውስጥ ግን ካፌይንና እንደ ክሎሮጄኒክ አሲድ ያሉ ፖሊፌኖሎች አሉ። ፖሊፌኖሎች አንቲኦክሲዳንት ናቸው፤ ለምሳሌ ዘይት ከአየር ጋር ተገናኝቶ ቶሎ እንዳይበላሽ ይከላከላሉ።

እንዴት ይወጣሉ? ያልሻገተ ገለባ ይደርቅና ይፈጫል፤ ዱቄቱ በውሃና በኢታኖል ድብልቅ ይዘፈዘፋል። ውሃው የተክሉን ሴል ያሳብጣል፣ ኢታኖሉ ፖሊፌኖሉን ያሟሟል፤ ስለዚህ ድብልቁ ብዙ ጊዜ ከንጹሕ ኢታኖል የበለጠ ያወጣል። ከዚያ ይጣራል፤ ፈሳሹም በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል፤ ኃይለኛ ሙቀት ፖሊፌኖሉን ያበላሻልና። ለመለካት ዲፒፒኤች የተባለውን ሐምራዊ ኬሚካል እንጠቀማለን፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ በቀረበ መጠን አንቲኦክሲዳንቱ ጠንካራ ነው።

«ኢታኖሉስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በማሟሟያነት ስለመጠቀሙና በምርቱ ውስጥ ስለሚቀረው መጠን ዑለሞች የተለያየ አቋም አላቸው። ስለዚህ ለምግብ የሚሆን ነገር ከማዘጋጀታችን በፊት ዓሊም እንጠይቅ፤ ሙቅ ውሃንም ጎን ለጎን እንሞክር። የመኖች ገለባውን በውሃ አፍልተው ቂሽር ብለው ይጠጡታል፤ በሐረርም ይፈላል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. የደረቀ የቡና ቅርፊት ለመጠጥ እንዲቀርብ ፈቅዷል።

አማናችንን ግን አንርሳ። የዲፒፒኤች ቀለም መለወጡ በሰው አካል ውስጥ በሽታ ይፈውሳል ማለት አይደለም። የሻገተ ገለባ ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ የፀረ ተባይ ቅሪትም ሊኖርበት ይችላል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ያረጠበውን እህል ከሥር አድርጎ ይሸጥ የነበረውን ነጋዴ ገሥጸዋል። ሳይመረመር «መድኃኒት ነው» ብሎ መሸጥም ከዚያ አይለይም።

የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምንፈልግ ካለን ከአንድ መፈልፈያ አንድ ከረጢት ገለባ እንውሰድ፤ በውሃ የሚወጣውንና በድብልቁ የሚወጣውን እናነጻጽር። ውሃው ብቻውን ከበቃ ለገበሬውም ርካሽ፣ ለእኛም ከጥርጣሬ የራቀ መንገድ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።