የጻፍነውን ማን ያነበዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዛሬ የምንማረው ከእጃችሁ ስለማይለየው ስልክ ነው። ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለእንቅልፍ እጦት ይረዳሉ ተብለው የሚጫኑ መተግበሪያዎች አሉ። አንዱን ማታ ስትከፍቱት «ዛሬ እንዴት ዋላችሁ?» ይላችኋል። ካዘነው እስከ ደስተኛው ከተደረደሩት ፊቶች አንዱን ትነካላችሁ፤ ምክንያቱንም ከሥሩ በሁለት መስመር ትጽፋላችሁ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል፣ ታላቁ አባት መነኮሳቱ ሥራቸውንና የልባቸውን እንቅስቃሴ ለወንድሞቻቸው እንደሚያሳዩ ሆነው እንዲጽፉ ይመክራቸዋል። ብቻቸውን ሳሉ ጽሑፉ በወንድም ዓይን ፈንታ እንዲሆንላቸው ነው። እርሱ የሚናገረው ስለ ኃጢአት ነው፤ ድብርት ግን ሕመም እንጂ ኃጢአት አይደለም። ለእኛ የሚተርፈን ትምህርት፣ ጽሑፍ አንባቢ እንደሚሻ ነው።

መተግበሪያዎቹን ግን ብዙ ሰው ቶሎ ይተዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ እያንዳንዳቸው 10,000 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጫኑ 93 የአእምሮ ጤና መተግበሪያዎችን መርምሮ ነበር። ከተጫኑ በ30ኛው ቀን አሁንም የሚከፍቷቸው ሰዎች፣ መካከለኛው አኃዝ ሲወሰድ፣ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የተዉት ሰነፎች ናቸውን? እንዲህ ብለን አንፍረድ። አንዱ ተሽሎት ይተዋል። ሌላውን ሕመሙ ራሱ ያስተወዋል፤ ከአልጋ መነሣት ላቃተው ሰው ሁለት መስመር መጻፍም ሸክም ነው። ሌላው ደግሞ «ምን ጻፍክ?» የሚለው ሰው ስለሌለው ይተዋል። ይህ የመጨረሻው በእጃችን ያለ ነው። ተመራማሪው ዴቪድ ሞርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳስረዱት፣ ሰው የሚያምነውና በጎነቱን የሚያውቀው ጠያቂ ሲኖረው እንዲህ ባለው መሣሪያ ይጸናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ለጽሑፉ ጊዜ ስጡት፤ የሠርክ ጸሎት ካደረሳችሁ በኋላ ጻፉ፣ ልማድ ልማድን ይደግፋልና። ሁለተኛ፣ ሰው ስጡት፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሳምንቱን ለምታምኑት ወንድም ወይም እህት አሳዩ። ሐዘኑ ከበረታ ለሐኪም አሳዩ፤ የንስሐ አባታችሁም ይወቁት። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን መተግበሪያውን ዝጉና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሰው ሂዱ።

እናንተም የምትጠይቁ፣ ወንድማችሁ ስልኩን ሲዘረጋላችሁ የመረጠውን ፊት ብቻ አይታችሁ አትመልሱለት። ከሥሩ ያሉትን ሁለት መስመሮች አንብቡለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።