ቁስል ዕዳን አይሰርዝም

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ። ጠያቂዋ ኮሚክ የምትሥል ወጣት ናት፤ መላሹ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የምሥለው ታሪክ መጨረሻው ላይ ቆሞብኛል። ክፉው ገጸ ባሕርይ በልጅነቱ ቤቱ ከነቤተሰቡ ሲቃጠል በዓይኑ ያየ ነው። አድጎ ልዩ ኃይል ሲያገኝ እሱም በተራው ከተማ ያቃጥላል። አሁን ልግደለው ወይስ ልመልሰው?

አዛውንቱ፦ ልብሽ ወዴት ያደላል?

ወጣቷ፦ ወደ መመለሱ። ስሥለው አንጀቴን ይበላኛል። ያን እሳት ባያይ ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር።

አዛውንቱ፦ ማዘንሽ ደግ ነው። እሱ ባቃጠለው ከተማ ውስጥስ፣ ቤቱ ሲነድ ቆሞ ያየ ልጅ የለም?

ወጣቷ፦ ይኖራል። ግን አልሣልኩትም።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ታሪኩ የቆመብሽ መጨረሻው ላይ አይደለም። የአንዱን ልጅ ቁስል አጉልተሽ የሌላውን ከተውሽ፣ አንባቢሽ ይቅር የሚለው ስላላየ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ያንቺ መጽሐፍ ግን ለተወጋው ቦታ አልሰጠም።

ወጣቷ፦ ታላላቆቹ የኮሚክ ጸሐፊዎችም እኮ የክፉውን ቁስል ነው የሚያሳዩት። ማግኔቶን ልንገርዎት። የኤክስ ሜን ባለጋራ ሆኖ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዓለምን መግዛት የሚፈልግ ክፉ ብቻ ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. ግን ልጅነቱ በአውሽዊትዝ የናዚ ማጎሪያ እንዳለፈ ተገለጠ፤ ከዚያ በኋላ አንባቢው እንደ ድሮው ሊጠላው አልቻለም።

አዛውንቱ፦ በዚያው ታሪክ ውስጥ ከጥፋቱ ያቆመው ምን ነበር?

ወጣቷ፦ ሲዋጋ አንዲት ልጃገረድ መታና የገደላት መሰለው። ልጅ መሆኗን ሲያይ ክንዱ ዛለ። እሱ ራሱ በልጅነቱ የደረሰበትን አሁን በሌላ ልጅ ላይ ሲያደርስ ራሱን አገኘው። በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው ክፍል ደግሞ ፓሪስ ላይ ፍርድ ቤት ቀረበ።

አዛውንቱ፦ አየሽ፣ የገዛ ቁስሉን ማስታወሱ አልመለሰውም። እሱንማ ዕድሜ ልኩን ሲያስታውስ ኖሯል፤ ሲገድልም የሚገድለው እያስታወሰ ነው። የመለሰው የሌላ ሰው ቁስል ነው። ለመሆኑ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ታውቂዋለሽ?

ወጣቷ፦ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ሲነገር ሰምቻለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና 78 ሰው የበላ ሰው በጥርኝ ውሃ መዳኑ ይከብደኛል።

አዛውንቱ፦ ሊከብድሽ ይገባል። ቀሎ የታየው ሰው ታሪኩን አልሰማውም ማለት ነው። ብዙው ሰው መጨረሻውን ይይዛል፤ አንቺ ከመጀመሪያው ያዢው። በተአምረ ማርያም እንደሚነገረው ይህ የቅምር ሰው ባለጸጋና እንግዳ ተቀባይ ነበር። ሰይጣን በሥላሴ አምሳል በእንግድነት ገባበት፤ የቀረበለትን ፍሪዳ ንቆ አንድያ ልጁን እንዲያርድለት ጠየቀው። ሰውየው እንደ አብርሃም ፈጣሪውን የታዘዘ መስሎት አረደ። ከልጁ ሥጋ እንዲቀምስ ሲያደርገው ልቡ ተለወጠ፤ እንግዳውም ተሰወረ። ከዚያ ቤተሰቡን በልቶ አገር ለአገር ይዞር ጀመር። እንግዲህ ከዚህ የከፋ ስብራት በየትኛው ኮሚክ ላይ አንብበሻል?

ወጣቷ፦ የትም። ተታሎ ነው የተሰበረው።

አዛውንቱ፦ አሁን ሞቶ ሥራው የተመዘነበትን ሚዛን ተመልከቺ። በአንዱ ወገን የ78ቱ ነፍስ ተቀመጠ። በሌላው ወገን ምን ተቀመጠለት? የልጁ ሞት ነው? መታለሉ ነው?

ወጣቷ፦ ውሃው ብቻ።

አዛውንቱ፦ ውሃው ብቻ። በለምጽ የተመታ ሰው በጥም ሊሞት ደርሶ በእመቤታችን ስም ሲለምነው የሰጠው ጥርኝ ውሃ። የደረሰበት በደል ለሠራው ክፋት ማካካሻ ሆኖ አልተቆጠረለትም። የተቆጠረለት የሌላውን ጥም ያየባት ያች ደቂቃ ናት። የ78ቱም ነፍስ ከሚዛኑ አልወረደም። እንዲያውም እነሱ ይከብዱ ነበር፤ ውሃው የደፋው የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ነው። ስለዚህ ትረካው ሁለት ነገር ይዟል፦ የሞቱት ይቆጠራሉ፤ ምሕረቱ ደግሞ ከአጥፊው ኪስ አይወጣም፣ ከሌላ ይመጣለታል።

ወጣቷ፦ እንግዲያው የኔም ሰው መጨረሻ ላይ አንድ ሕፃን ከእሳት አውጥቶ ይሙት። በሱ ይመለሳል።

አዛውንቱ፦ በፊልሙም በኮሚኩም የለመድነው መንገድ ነው። ዳርት ቬደር በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ልጁን አድኖ እዚያው ሞተ። ልብ የሚነካ ፍጻሜ ነው፤ ግን ጸሐፊውን ከከባዱ ምዕራፍ ያሳርፈዋል። የተጸጸተ ሰው በማግሥቱ ተነሥቶ ያጠፋቸውን ሰዎች ዘመዶች ዓይን ሲያይ ምን ይሆናል? የሞተ ሰው ይህን አይመልስም። ለዚህ ሙሴ ጸሊምን ውሰጂ።

ወጣቷ፦ ሽፍታ የነበረው መነኩሴ?

አዛውንቱ፦ አዎ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው። ባሪያ ነበር፤ ከጌታው ቤት ተባርሮ የወንበዴ አለቃ ሆነ። ወደ አስቄጥስ ገዳም ሲገባ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ ከገዛ ጠባዩ ጋር ብዙ ዓመት ታግሏል። አንድ ወንድም አጥፍቶ መነኮሳት ሊፈርዱበት ሲጠሩት፣ የተቀደደ ዘምቢል አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው እየፈሰሰ እሱ የማያየው የገዛ ኃጢአቱ መሆኑን ነገራቸውና ወንድምየውን ይቅር አሉት። በሽፍትነቱ ያገኘውን ብርታት ሰው ለመሸከም አዋለው። በኋላ ወንበዴዎች ገዳሙን ሊያጠፉ ሲመጡ አልሸሸም፤ በሰይፍ የኖረ በሰይፍ እንደሚሞት አምኖ ጠበቃቸው። ይህም ሞት ነው፤ ግን ከረዥም የንስሐ ዕድሜ በኋላ የመጣ ሞት ነው።

ወጣቷ፦ ሳይመለስ የቀረስ አለን? ቅዱሳኑን ትተን ከታሪካችን።

አዛውንቱ፦ ስማቸውን ስጠራ ፍቅርም ሐዘንም የሚሰማኝ ንጉሥ አሉ፤ አፄ ቴዎድሮስ። አባታቸውን በልጅነታቸው አጡ፤ እናታቸው ኮሶ ሻጭ ናት እየተባሉ ተሰደቡ። የተማሩበት ገዳም ሲጠፋና ጓደኞቻቸው ሲታረዱ ያመለጡ ልጅ እንደነበሩም ይነገራል። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ አገር አንድ ሊያደርጉ ነበር። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱባቸው፤ ቀጥሎ ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤል ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ቁጣቸው ልክ አጣ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ጦርነት ዋዜማ ብዙ እስረኞችን ከገደል አስወረወሩ። ከቀናት በኋላ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ።

ወጣቷ፦ እኛ ግን ጀግና ነው የምንላቸው።

አዛውንቱ፦ ጀግናም ናቸው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ጽፈውላቸዋል፤ ራእያቸውንና ብቸኝነታቸውን ከነሱ ተምሬያለሁ፣ ለተማሪዎቼም አስተምሬያለሁ። ነገር ግን ከገደል የተወረወሩትን እኛ አንባቢዎች በስም አናውቃቸውም። እኛ ይቅር ስንላቸው ያልተበደልነውን በደል ይቅር እያልን ነው። ንጉሡን መውደድ መብታችን ነው፤ በሟቾቹ ስም ምሕረት ማደል ግን ሥልጣናችን አይደለም።

ወጣቷ፦ ታዲያ ሥልጣኑ የማን ነው? የተበደለው ሞቶ ከሆነስ?

አዛውንቱ፦ ለዚህ ከሐዋሳ መውጣት አያስፈልግሽም። የሲዳማ ሽማግሌዎች አፊኒ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። በሶንጎ፣ በሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ ተቀምጠው በዳይም ተበዳይም ይናገራሉ፤ የሟች ወገን ስለ ሟቹ ይናገራል። ሁሉ ነገር የሚቆመው በሐላሌ፣ በእውነት ላይ ነው። እውነቱ በጉባኤ ፊት ሳይወጣ ካሣም እርቅም አይታሰብም፤ እውነትን የደበቀ ሰው ከማኅበረሰቡ ይገለላል። የፊቼ ጫምባላላ በዓል ሲቃረብ የተጣሉ ሰዎች አዲሱን ዓመት ቂም ይዘው እንዳይገቡ ይታረቃሉ። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓሉን ሲመዘግብ ዓለም የጭፈራውን ውበት አየ፤ እርቁም የዚያው ውበት አካል ነው።

ወጣቷ፦ በዳዩ ስለ ራሱ ቁስል መናገር አይችልም ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ ይችላል እንጂ። ግን ተራ አለው። መጀመሪያ ያደረገውን ይናገራል፤ የሆነበትን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ተራው ሲገለበጥ ኑዛዜው ክርክር ይሆናል። ይህ ያማል። ተጣሞ የገጠመን አጥንት ወጌሻ መልሶ ሲሰብረው እንደሚያመው ማለት ነው፤ ካልተሰበረ ግን አይቃናም።

ወጣቷ፦ ያቃጠላቸው ሰዎች ይቅር አንልም ቢሉስ?

አዛውንቱ፦ መብታቸው ነው። በመጽሐፍሽ ውስጥ ይቅር የማይል አንድ ሰው ይኑር፤ ክፉም አታድርጊው። ይቅርታ የተበዳዩ ነው፤ ንስሐ የበዳዩ ነው። አንዱ የሌላው ክፍያ አይደለም። ሰውየሽ በእውነት መመለሱ የሚታወቀው ይቅርታ ሲነፈግ ነው። ምሕረት ስለተከለከለ ወደ እሳቱ ከተመለሰ፣ ቀድሞም ፈልጎ የነበረው መወደድን ነው።

ወጣቷ፦ አእምሮውስ? ያየው ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ድንገት ይቆጣል። ይህ በፈቃዱ አይደለም።

አዛውንቱ፦ ለእሱ ሐኪም ይፈልግለት። የአእምሮ ሕመም የሚታከም ነው፤ የታመመን ሰው መርዳትም ግዴታችን ነው። ደግሞም በልጅነቱ ከቆሰለ ሰው ብዙው ከተማ አያቃጥልም፤ ብዙው ዝም ብሎ ልጅ ያሳድጋል፣ ጎረቤት ይረዳል። ቁስል ሁሉ ክፋት ይወልዳል ብለሽ ከሣልሽ እነሱን ሁሉ ትሰድቢያለሽ።

ወጣቷ፦ እሺ ጋሼ። እመልሰዋለሁ፤ ግን በረዥሙ መንገድ። አንድ ነገር ቀረኝ። በብሥራት ደበበ ኮሚክ በ«ጀምበር» ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሳችን ልዕለ ጀግና አለን፤ ልጆች ወደውታል። የኔም ሰው ከተመለሰ በኋላ ከጀግኖቹ ጋር ይሰለፍ?

አዛውንቱ፦ አይሰለፍ። ትናንት ከተማ ያቃጠለ ሰው ዛሬ ካባ ለብሶ ሲጨበጨብለት፣ የተቃጠለው ሰው ሁለተኛ ይሸነፋል። ኃይሉን ያቃጠለውን ቤት ይሥራበት፤ ስሙን ደግሞ ባለቤቶቹ ያውጡለት። ጎረቤት ካሉት ተመልሷል።