የተጎዳ ሕዋስ ይቁም ወይስ ይሙት?

ሕዋስ ከመከፈሉ በፊት ዲ.ኤን.ኤ.ውን መገልበጥ አለበት። ዲ.ኤን.ኤ.ው በጨረር ወይም በመርዝ ተሰብሮ ሳለ ቢገለበጥ፣ ስሕተቱ ከእርሱ ለሚወጡት ሕዋሶች ይተላለፋል፤ ስሕተት በስሕተት ላይ ሲደራረብም ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። የተጎዳው ሕዋስ ይህን ለመከላከል ሁለት መንገዶች አሉት፤ አንደኛው ጉዳቱ እስኪጠገን ቆሞ መጠበቅ፣ ሁለተኛው ራሱን መግደል ነው። በዚህ ውሳኔ ዋናውን ድርሻ የያዘው ፒ 53 የተባለው ፕሮቲን ነው።

ፒ 53 በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ሲገኝ ካንሰርን የሚያነሣሣ መስሎ ነበር። በ1989 ግን ካንሰርን የሚገታ መሆኑ ታወቀ፤ አስቀድሞ የተጠናው ጂን የተበላሸ ቅጂ ኖሯል። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ይህ ጂን የተበላሸባቸው ናቸው።

በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ፒ 53 በተሠራ በጥቂት ደቂቃዎች ይፈርሳል፤ ኤምዲኤም2 የተባለው ፕሮቲን የመፍረስ ምልክት ያደርግበታልና። ዲ.ኤን.ኤ. ሲሰበር ግን ኤቲኤም የተባለው ኤንዛይም በፒ 53 ላይ ፎስፌት ይጨምርበታል፤ የኤምዲኤም2 አያያዝ ስለሚላላም ፒ 53 ይከማቻል። ከዚያም አራት አራት ሆኖ ዲ.ኤን.ኤ.ውን በመያዝ ሌሎች ጂኖችን ያሠራል።

ከነዚህ አንዱ ፒ 21 ነው። ይህ የመከፈልን ሥራ የሚያንቀሳቅሱትን ኤንዛይሞች ስለሚያግድ ሕዋሱ ይቆማል። ሌላው ፑማ ነው። ፑማ የማይቶኮንድሪያው ሽፋን እንዲበሳ ያደርጋል፤ ከውስጡ ሳይቶክሮም ሲ ሲወጣም ካስፔዝ የተባሉት ኤንዛይሞች ነቅተው የሕዋሱን ፕሮቲኖች ይቆራርጣሉ።

እንግዲህ አንድ ፕሮቲን ሁለቱንም ማዘዝ ከቻለ ምርጫው ከየት ይመጣል? የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት ዳኛ ያለ ምስክር አይፈርድም፤ የፒ 53ም ነገር እንደዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር መጠን ነው። ፒ 53 የፒ 21ን ጂን በጥቂቱም ቢሆን አጥብቆ ይይዛል፤ ከሞት ጂኖች ብዙዎቹን ለመያዝ ግን በርከት ማለት አለበት።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የፒ 53 መጠን ከፍ ዝቅ እያለ ሲመላለስ ሕዋሶቹ አገግመው ወደ መከፈል ተመለሱ፤ ሳያቋርጥ ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን ብዙዎቹ መከፈልን ለዘለቄታው ተዉ።

ሦስተኛው የሕዋሱ ዓይነት ነው። ጨረር የመታው የታይመስ ሕዋስ ቶሎ ሲሞት፣ ፋይብሮብላስት የተባለው የቆዳ ሕዋስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል እንጂ አይሞትም። ሞትን በሚያመጡና እንደ ቢሲኤል2 ሞትን በሚከለክሉ ፕሮቲኖች መካከል ያለው ሚዛን ከሕዋስ ሕዋስ ይለያያልና።

ይህ ሁሉ የመማሪያ ክፍል ክርክር ብቻ አይደለም። ጨረርና ብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች የሚሠሩት ዲ.ኤን.ኤ.ን በመጉዳት ነው፤ ሐኪሙ የሚሻውም የካንሰሩን ሕዋስ ሞት ነው። ነገር ግን በ1996 በአንጀት ካንሰር ሕዋሶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ፒ 21 ያላቸው በመድኃኒቱ ሲቆሙ፣ ፒ 21 የተወገደባቸው ሞቱ። መቆም ጤናማውን ሕዋስ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ለካንሰሩም መሸሸጊያ ሊሆነው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ካንሰር ስናጠና፣ ፒ 53 መኖሩን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሕዋስ ውስጥ ትእዛዙ ወዴት እንደሚያደርስ መጠየቅ ይገባናል።