ማሳሰቢያ ለአይከል፦ ቁራሌው፣ ቢጫው ሳጥንና የራጅ ክፍሉ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የኒኩሌር ኃይል ማመንጫም በዕቅድ እንዳለ ተነገረን። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ኒኩሌር ሲባል ሐሳባችን ወዲያው ከቼርኖቤሉ የማመንጫ አደጋ ይደርሳል። ማመንጫው ገና ወረቀት ላይ ነው፤ ጨረራ የሚያወጣው ዕቃ ግን እሱን አልጠበቀም። ሐኪም ቤት የራጅ ክፍል አለ፤ የመንገድ ሥራ ካምፖች በስቶር የሚያስቀምጡት መለኪያ አለ፤ ማዕድን ፍለጋ በሚቆፈር ጉድጓድም የሚገባ መሣሪያ አለ። አይከል የጎንደር መተማ መንገድ የሚያልፍባት፣ የጭልጋ የድንጋይ ከሰል በደጇ ያለ ከተማ ናት። ጥንቃቄውን ለመማር ማመንጫ እስኪሠራ መቆየት የለብንም።

ለቁራሌው፣ ለልዋጩና ብረት ለሚቀጠቅጠው

ብራዚል፣ ጎያኒያ በምትባል ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1985 ሌላ ቦታ ሲዛወር የካንሰር ማከሚያ መሣሪያውን ለተቆጣጣሪው ሳያሳውቅ በባዶው ሕንፃ ትቶት ሄደ። በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ገብተው ብረቱን ፈቱና ለቁራሌ ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ የነበረው ጨረራ የሚያወጣ የሲዚየም-137 ዱቄት ነው፤ ክብደቱ 100 ግራም አይሞላም፤ በጨለማ ሰማያዊ ያበራል። ነጋዴው ተደነቀበት። ለዘመድ ለጎረቤት አካፈለው፤ ሰውነታቸውን የተቀቡትም ነበሩ። በጥቂት ቀናት ማስታወክና የቆዳ መቃጠል መጣ። በመጨረሻ አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከ110 ሺህ በላይ ሕዝብ ተሰልፎ ሲመረመር 249 ሰዎች ጨረራ አመንጪው ነገር ነክቷቸው ተገኘ።

ነገሩን ያስቆመው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አልነበረም። የነጋዴው ሚስት ናት። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ የታመመው ይህ ዕቃ ቤት ከገባ ወዲህ መሆኑን አስተዋለች፤ በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ለጤና ቢሮ አደረሰችው። ማስተዋሏ የብዙ ሰው ነፍስ አተረፈ፤ እሷ ግን ከሟቾቹ አንዷ ሆነች። ስለዚህ፦

እንደሷ አስተውሉ፤ እንደሷ ግን አትሸከሙ። መልእክቱ ይሂድ፣ ዕቃው ካለበት አይነሣ።

በቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ክብና በዙሪያው ሦስት ክንፍ፣ ማለትም የጨረራ ምልክት፣ የተሣለበትን ብረት አትግዙ። ቀለሙ ቢለቅም፣ ግማሹ ቢፋቅም አትግዙ። በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ካያችሁ ደግሞ ያ ምልክት የሚለጠፈው ከመሣሪያው ውስጠኛ አካል ላይ ነውና ሽፋኑ ተፈቷል ማለት ነው። መዶሻውን ጣሉና ራቁ።

ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ድብልብል ብረት በመጋዝ አትቁረጡ፤ እሳት ውስጥም አትክተቱ። የከበደው መከለያው እርሳስ ስለሆነ ይሆናል። ውድ ማዕድን ነው ብሎ የሚያሻሽጥ ደላላ ከመጣም አትስሙት።

እሳት ሳይነካው የሚሞቅ ብረት ጫካ ውስጥ ያገኘ እንዳይሞቀው። በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ፣ ሊያ የምትባል መንደር ሦስት እንጨት ለቃሚዎች ዙሪያውን በረዶ ያቀለጡ ሁለት ዕቃዎች አገኙ። ቆላ ያልሆነ አገር ሰው ብርዱን ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ከጎናቸው አድርገው ሞቁ። ከሶቪየት ዘመን የቀረ፣ ጨረራ የሚያወጣ ስትሮንቲየም-90 ነበር። በሰዓታት ውስጥ ያስመልሳቸው ጀመር፤ አንዱ ከሁለት ዓመት በላይ ታክሞም አልዳነም።

ለመንገድ ሥራ ካምፕ፦ ለቴክኒሺያኑ፣ ለሾፌሩ፣ ለዘበኛው

ሩሎ የረገጠው አፈር በደንብ መጠቅጠቁን የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ብዙ ጊዜ በቢጫ ሳጥን ይቀመጣል። በውስጡ ሲዚየም-137 እና አሜሪሲየም-241 አለ። በአግባቡ ለሚይዘው ሰው የሚያስፈራ አይደለም፤ ያገኘው ሰው ፈቶ ሲበታትነው ነው ጣጣው። የአሜሪሲየሙ ግማሽ እንኳ እስኪያልቅ ከ400 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ሳጥኑ ጠዋት ሲወጣና ማታ ሲገባ በመዝገብ ይፈረም፤ የሚፈርመውም ከፍቶ ያየ ሰው ይሁን። በፒካፕ ጭነት ላይ ሳይታሰር አይሂድ። ምሳ ለመብላት መንገድ ዳር ትታችሁት አትሂዱ። ከመኝታ ክፍል አጠገብ አታስቀምጡ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የጨረራው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳልና ቦታ ካለ ራቅ አድርጉት። ከጠፋ በዚያው ሰዓት ተናገሩ። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ የሲዚየም እንክብል 1,400 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ ከመኪና ወድቆ ነበር። መጥፋቱ እንደታወቀ ተነገረ፣ ሕዝቡም ማስጠንቀቂያ ሰማ፣ በየካቲት 1 ከመንገድ ዳር ተለቀመ።

ለዘበኛው አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። ንገሩት። እሱም ሲናገር ስሙት። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ፣ ፒች ቦተም በተባለው የኒኩሌር ማመንጫ ጥበቃዎች በተረኛ ክፍላቸው ይተኙ ነበር። ጥቆማ ለተቆጣጣሪው ደረሰ። ተቆጣጣሪው ጥቆማውን መልሶ ለዚያው ኩባንያ ላከው፤ ኩባንያው አጣርቼ ምንም አላገኘሁም አለ። አንድ ጥበቃ ባልደረቦቹ ሲያንቀላፉ ቀርጾ ምስሉ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው የጥበቃ ድርጅቱ ውል የተቋረጠው። ሌባን ስለ ሌብነቱ ራሱን ጠይቆ እንደመመለስ ያለ ነገር ነው።

ለራጅ ክፍል

እዚህ ብዙ አልልም። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረራው አብሮ ይጠፋል፤ ክፍሉ ውስጥም በታማሚው ሰውነትም የሚቀር የለም። ሕዝቡ ይህን ይወቅና ከሚያስፈልገው ራጅ አይሽሽ። ባለሙያው በበኩሉ በሩን ሳይዘጋ አያንሣ። «እህቴ፣ ጽንስ ይኖር ይሆን?» ብሎ ሳይጠይቅ አይጀምር። ሕፃን የሚይዘው ወላጅ የእርሳሱን ልብስ ይልበስ እንጂ ያው አንድ ሠራተኛ በየቀኑ አይያዝ። ልብሱ ይሰቀል፣ አይታጠፍ፤ ከታጠፈ ይሰነጠቃል። ደረት ላይ የሚለጠፈው መለኪያ ለሠራተኛው ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ሊያድር አይደለም፤ ለሠራተኛ የተፈቀደው በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ ከዚያ ማለፍ አለማለፉን የሚያውቀው በመለኪያው ብቻ ነው።

ለኃላፊዎች

ዕቃውን ያየ ሰው ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ሲመጣ «ከየት አመጣኸው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሌባው ኋላ ይፈለጋል፤ መጀመሪያ ሰዉን አርቁና ቦታውን ከልሉ፤ ማን እንደነካው መዝግቡ፤ የነካው እጁን ይታጠብ፣ ልብሱን ለብቻ ያኑር። ቀድሞ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ይሠራው የነበረው ቁጥጥር ዛሬ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ነው፤ ጉዳዩ እዚያ ይድረስ። ክሊኒክ ሲዘጋ፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ፣ ኮንትራክተር ሲቀየር ዕቃው የት እንደገባ ጠይቁ። የጎያኒያው መከራ የጀመረው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ በመጥፋቱ ነው።

ጉድለት ሲገኝም ቀን አትስጡት። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ውስጥ የዝገት ብናኝ ማጣሪያ እስኪደፍን ድረስ እየታየ ፍተሻው ወደ የካቲት 2002 እ.ኤ.አ. ተገፋ። ሲከፈት ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የሪአክተሩ ክዳን ብረት አንድ ቦታ ላይ በአሲድ ተበልቶ የቀረው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስስ ሽፋን ነበር። ማመንጫው ሁለት ዓመት ተዘግቶ ቆየ፤ ኩባንያው በ2005 ከአምስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀጣ።

የጠቆመውን ሠራተኛ ስም በስብሰባ ላይ አትጥሩ። ሳጥኑ ስቶር ውስጥ የለም ብሎ በሰዓቱ የተናገረውንም ቴክኒሺያን ከደመወዙ አትቁረጡበት፤ ከቆረጣችሁበት የሚቀጥለው ሰው ሳጥኑ ባይኖርም መዝገቡ ላይ «አለ» ብሎ ይፈርማል።