የቢላቴው ሳጅን፦ ለነጻነታችን የተዋጉ፣ ነጻ ያልነበሩ ሰዎች

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የድል ቀንን ስናከብር አርበኞቻችንን እናስባለን። ተገቢም ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል የታገሉት እነሱ ናቸው። በዚህ እትም የምናጠናው ግን ከኬንያ መጥቶ በእኛ አገር መሬት ላይ ስለወደቀ አንድ ወታደር ነው። ታሪኩ የጀግንነት ታሪክ ነው፤ ከጀርባው ግን የመሬት ጥያቄ አለ።

ሰውየውና ቤተሰቡ

ናይጀል ሊኪ እ.ኤ.አ. በ1913 ኬንያ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ግሬይ ሊኪ በኬንያ ተራራ አካባቢ፣ በኒዬሪ አጠገብ መሬት ይዘው ካረሱት ቀደምት እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች አንዱ ነበር። የሰው ዘርን አመጣጥ በማጥናት ስሙ የታወቀው ሉዊስ ሊኪም ዘመዳቸው ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ናይጀል የቅኝ ግዛቱ ጦር በነበረው የንጉሡ የአፍሪካ ጠብመንጃ ጦር ውስጥ ሳጅን ሆነ። በዚህ ጦር መኮንኖቹ ነጮች ሲሆኑ፣ ተራ ወታደሮቹ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከማላዊ የመጡ አፍሪካውያን ነበሩ። ስማቸው «አስካሪ» ነው። ይህ ቃል ለእኛ ቶሎ የሚያስታውሰን ለጣሊያን የተሰለፈውን ወታደር ቢሆንም፣ በእንግሊዝም በኩል የነበሩት በዚያው ስም ይጠሩ ነበር።

ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም.

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ገና ሁለት ሳምንት ሆኖ ነበር። ጦርነቱ ግን አላበቃም፤ ጎንደር የተለቀቀችው በኅዳር 1934 ነው። በደቡብ በኩል የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ ሲገፉ ቢላቴ ወንዝ ላይ ደረሱ። ቦታው ዛሬ በበርበሬዋ የምናውቃት ሀላባ ቁሊቶ ናት።

ሁለት ሻምበል ጦር ወንዙን ተሻግሮ ሳለ የጣሊያን ታንኮች ከቁጥቋጦ ውስጥ ወጡበት። ወታደሮቹ ታንክ የሚመቱበት መሣሪያ አልነበራቸውም። ሊኪ የሚተኩሰው የሞርታር ጥይት አልቆበት ነበር። ሮጦ አንዱ ታንክ ላይ ወጣ፤ ክዳኑን ከፍቶ ከሾፌሩ በቀር ውስጥ ያሉትን በሽጉጥ ገደላቸው። ሾፌሩንም ታንኩን ወደ ከለላ እንዲነዳ አስገደደው። የታንኩን መድፍ ለመጠቀም ሞክሮ ስላልሆነለት፣ ወርዶ ሌሎቹን በእግሩ ማሳደድ ጀመረ። ሌላ ታንክ ላይ ወጥቶ ክዳኑን እንደከፈተ፣ ከኋላ የሚከተለው ታንክ በመትረየስ መትቶ ጣለው። ዕድሜው 28 ነበር። አስከሬኑ ስላልተገኘ ስሙ የተጻፈው ናይሮቢ ባለው የምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ ላይ ነው።

ከፍተኛው የእንግሊዝ የጀግንነት ሜዳይ፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ ለእሱ መሰጠቱ በለንደን ጋዜት የታወጀው በኅዳር 1945 እ.ኤ.አ. ነው። የሽልማቱ ጽሑፍ አንድ የምናልፈው የማይገባ ነገር ይነግረናል፦ ታንኮቹን በእግር ሲያሳድድ አንድ አፍሪካዊ የሻምበል ሳጅንና ሁለት አስካሪዎች አብረውት ነበሩ። ስማቸው ግን አልተጻፈም።

የቆሰሉትስ?

ከዚህ ውጊያ ሦስት ወር ተኩል ቀደም ብሎ፣ በመተማ በኩል የገባው የሕንድ ጦር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ፈንጂ ያመክን ነበር። ሥራውን የመራው ወጣቱ መኮንን ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ነው። በአራት ቀን ውስጥ 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አጽድቶ 15 የፈንጂ ቦታዎችን ከፈተ። የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ በፈንጂ ሲመታ፣ የአንድ ጆሮው ታምቡር ተበሳ። ይተካህ ቢባል እምቢ አለ።

በነርስነት ትምህርት እንደምንማረው፣ የፍንዳታ ግፊት ቀድሞ ከሚጎዳቸው የሰውነት ክፍሎች አንዱ የጆሮ ታምቡር ነው። የተጎዳው ሰው መስማት ይቀንስበታል፤ ጆሮው ይጮኻል፤ አንዳንዴም ያዞረዋል። ቁስሉ ከውጭ ስለማይታይ ሰው «ደህና ነኝ» ብሎ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ባጋትም ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ። አገሩ ሕንድ ግን ነጻ የወጣችው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

መሬቱ የማን ነበር?

ወደ ሊኪ ቤተሰብ እንመለስ። በ1915 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ የመሬት ሕግ ለሰፋሪዎች መሬት እስከ 999 ዓመት በሊዝ እንዲሰጥ ፈቀደ። የኬንያ ደጋ ለነጮች ሲከለል፣ ከኪኩዩ ሕዝብ ብዙ ሰዎች መሬታቸውን አጥተው የሰፋሪ ጭሰኛ ሆኑ። ከጦርነቱ የተመለሱት አስካሪዎችም ያገኙት ያንኑ ኑሮ ነው። ቁጣው ማው ማው የተባለውን አመጽ ወለደ። በጥቅምት 1954 እ.ኤ.አ. ተዋጊዎቹ ኪኩዩኛ አቀላጥፎ የሚናገረውን ሽማግሌ ግሬይ ሊኪን ከእርሻው ወስደው ገደሉት፤ ባለቤቱም በዚያው ጥቃት ሞተች። መንግሥት በበኩሉ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ሰቀለ፤ እጅግ ብዙዎችንም በካምፕ አጎረ። በ2013 የእንግሊዝ መንግሥት እዚሁ ለንደን፣ በፓርላማ፣ በካምፖቹ ለደረሰው ስቃይ መጸጸቱን ገልጾ ለ5,228 ኬንያውያን ክፍያ ለመፈጸም ተስማማ።

ልጁ የሌላውን አገር መሬት ከወራሪ ለማስለቀቅ ሞተ፤ አባቱ ከሌላው ሕዝብ በተወሰደ መሬት ምክንያት ተገደለ። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱን ይዘን ሌላውን ብንተው ታሪኩን ጎዶሎ እናደርገዋለን። የናይጀልን ድፍረት ማመስገን የሰፈራውን ሥርዓት ማመስገን አይደለም። እኛም ባለዕዳነታችን ለአንድ ሳጅን ብቻ ሳይሆን ስማቸው ላልተጻፈው ለእነዚያ ሦስት ሰዎችም ጭምር ነው።

ለውይይት

1. ለነጻነታችን የተዋጉ፣ ራሳቸው ግን ነጻ ያልነበሩ ወታደሮችን በድል ቀን እንዴት ልናስባቸው እንችላለን?
2. ቤተሰባችሁ ውስጥ ስሙ ሳይጻፍ የቀረ አርበኛ ወይም ቁስለኛ አለ? አያቶቻችንን ዛሬውኑ እንጠይቅ።
3. ሃይድ ፓርክ ኮርነር አጠገብ በ2002 የተመረቀውን የመታሰቢያ በር፣ ብሪክስተን ዊንድረሽ አደባባይ ደግሞ በ2017 የቆመውን የአፍሪካና የካሪቢያን ወታደሮች ሐውልት ሄዳችሁ እዩ። ያያችሁትን ጻፉልን።