የታመመ ወጣት ከመድኃኒት ሌላ ምን ያስፈልገዋል?

ስለ ካንሰር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው መድኃኒቱና ጨረሩ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፥ በእኛ ዕድሜ ያለ ታማሚ ከዚያ ሌላ ስለሚያስፈልገው ነገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. የጸናው ሕጉ፥ ጤና ማለት የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፥ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት ነው ይላል።

አንባቢ ሆይ፥ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሕፃን አይደለም፤ ሙሉ ሰውም አይባልም። ከሕፃናት ጋር ቢተኛ ያፍራል፤ ከአዋቂዎች ጋር ቢተኛ የአልጋ ጐረቤቱ አባቱን የሚያህል ሰው ነው። ይህን በማሰብ በለንደን ከተማ በሚድልሴክስ ሆስፒታል በ1990 እ.ኤ.አ. ለወጣት የካንሰር ታማሚዎች ብቻ የሚሆን ክፍል ተከፈተ።

ኬሞቴራፒ ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ሕዋሳት ስለሚያጠቃ የፀጉርንም ሥር ይጐዳል። ፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ቢሆንም ለአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ መርገፉ ከሕመሙ የሚብስበት ጊዜ አለ።

በአገራችን ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝምታው ይመስለኛል። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ እንጂ በድንገት አይነገርም። እንዲሁም የምርመራው ውጤት ለአባት ወይም ለታላቅ ወንድም ይነገርና ከታማሚው ይደበቃል። በሰፈራችን በገርጂ አንድ ልጅ ነበረ፤ ጉልበቱ ላይ ያለው ካንሰር ሲሆን «ተራ እብጠት ነው» ይሉት ነበር። እርሱ ግን የመድኃኒቱን ስም ከካርዱ አንብቦ በስልኩ ፈልጎ ኖሮ ሁሉን ያውቃል። እናቱ እንዳታዝን ብሎ እንዳላወቀ ሆነ፤ እናቱም እንዳይፈራ ብላ ትስቅለታለች። በአንድ ቤት ሁለት ሰው ለየብቻው ያለቅስ ነበር ማለት ነው። በሽታው ይጋባል ብለው የቀሩ ጓደኞችም ነበሩ፤ ካንሰር ግን እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይጋባም።

ይህን ሸክም ለማቅለል የተነሡ ወገኖች አሉ። በሉኪሚያ ሕፃን ልጁን ያጣ ቤተሰብ በ2004 እ.ኤ.አ. በልጁ ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቋመ። ማኅበሩ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ ችግረኞች ማረፊያና ምክር ይሰጣል። ተስፋ አዲስም የታመሙ ልጆች ወላጆች ማኅበር ነው።

የሉኪሚያ ሕክምና ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፥ የተማሪ ጓደኛ ደብተር ይዞለት ቢሄድ ትልቅ ነገር ነው። ሕክምናው ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ ጠያቂው እጁን ይታጠብ፤ ጉንፋን የያዘው ደግሞ እስኪሻለው ድረስ ስልክ ይደውል።